ስትሮክ የመታው እጅ በጌም ይሻሻላል?

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ከ8 ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። የምንኖረው ጅማ ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ራስ ላይ ተደርጎ በሐሳብ የሚጫወቱት ጌም አለ፣ እጅ ያሠራል፣ ልግዛላቸው?» ይላል። እውነት ነው? ከዚህ በኋላስ ለውጥ ይኖራል?

መልስ፦ አዎ፣ እውነት ነው። ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራ ጎን ነው። ስትሮኩ የጎዳው እሱን ነው፤ ትእዛዙ እጁ ጋ አይደርስም። ሆኖም አባትዎ ጣታቸውን ለመዘርጋት ሲያስቡ፣ ጣቱ ባይነቃነቅ እንኳ የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለወጣል። ራስ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ያንን ያነብና ስክሪኑ ላይ ኳስ ወይም መኪና ያንቀሳቅሳል። ሐሳቡና ውጤቱ እንዲህ እየተገናኙ ደጋግመው ሲሠሩ፣ ከጉዳት የተረፈው የአንጎል ክፍል ሥራውን ሊለምድ ይችላል።

ከጌም ብቻ፣ እጁንም አብሮ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ይሻላል ባይ ነኝ። ኢፕሲሃንድ የተባለው እንዲህ ያለ ነው። ያልተጎዳውን የአንጎል ጎን አንብቦ፣ እጅ ላይ የታሰረው ክፍል ጣቶችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተፈቀደው ስትሮክ ከመታቸው 6 ወርና ከዚያ በላይ ለሆናቸው አዋቂዎች ነው። ስለዚህ «8 ወር አለፈ» ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

ወንድምዎ ግን ኦንላይን ያየውን ሁሉ አይግዛ። ለመዝናኛ የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት ከግንባር ነው። የእጅ ምልክት የሚገኘው ከጆሮ በላይ፣ ወደ አናት ጠጋ ብሎ ነው። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር መኪናው ቢሮጥ ለእጁ ምንም አይጠቅመውም። የሚጥል በሽታ ካለባቸውም አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

እስከዚያ በመስተዋት ጀምሩ። እንዲያውም እኔ ብሆን ቀድሜ የምሞክረው እሱን ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱ እጆች መካከል መስተዋት አቁሙ፤ ፊቱ ወደ ግራ እጅ ይሁን። ቀኙ ከጀርባው ይደበቅ። አባትዎ መስተዋቱን እያዩ ግራ እጃቸውን ይክፈቱ፣ ይጨብጡ፤ ቀኙንም አብረው ይሞክሩ። የታመመው እጅ የሚንቀሳቀስ ይመስላቸዋል፣ አንጎልም ይነቃቃል። ጣታቸው ትንሽ መታዘዝ ሲጀምር ሰፌድ ላይ ቡና ይልቀሙ። አንድ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ማንሳት ትልቅ ሥራ ነው፣ አታጣድፏቸው።

ስታስነሷቸው በታመመው እጅ አትጎትቱ፣ ትከሻቸው ይጎዳል። የታዘዘላቸው የደም ግፊት መድኃኒት አይቋረጥ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄዳችሁም ስለ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ፤ ወንድምዎ መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት ባለሙያ እጃቸውን ይያቸው።