ዱቄት ስገለብጥ ያስነጥሰኛል፤ ሌሊት ደግሞ ያስለኛል

ጥያቄ፦ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ ሊጥ ማቡካት ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዱቄት ወደ ማቡኪያው ስገለብጥ በተከታታይ ያስነጥሰኛል፤ አፍንጫዬ ውኃ ያወርዳል፤ ዓይኔንም ያሳክከኛል። ጉንፋን ነው ብዬ ብተወውም ካለፉት ጥቂት ወራት ጀምሮ ሌሊት ደረቅ ሳል ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ ደረቴም ሲር ሲር ይላል። ፈቃድ ወጥቼ ሁለት ሳምንት ስቆይ ግን ደኅና እሆናለሁ። አስም ይሆን? ሥራዬን መተው አለብኝ? ዳቦ መብላትስ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ሁሉ ለሐኪም ትልቁን ፍንጭ የሚሰጠው ፈቃድ ሲወጡ ደኅና መሆንዎ ነው። ጉንፋን ሥራ ሲገባ እየተነሣ፣ ፈቃድ ሲወጣ እየጠፋ ሁለት ዓመት አይቆይም። እንዲህ የሚመላለስ ምልክት የጋጋሪዎች አስም የሚባለውን የሥራ ሕመም ያስጠረጥራል። ሕመሙ አዲስ አይደለም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ዱቄት የሚተነፍሱ ጋጋሪዎች በሳልና በትንፋሽ ማጠር እንደሚሠቃዩ በ1700 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር።

በስንዴና በገብስ ዱቄት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም ለዳቦ ማሻሻያ የሚጨመረውና ከሻጋታ የሚመረተው አልፋ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም በየቀኑ ወደ ውስጥ ሲሳቡ፣ የአንዳንድ ሰው የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ይቆጥራቸዋል። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚፈጅ፣ አራት ዓመት ምንም ያላደረገዎት ዱቄት ዛሬ ቢያሳምምዎ አያስገርምም። ብዙ ጊዜ አፍንጫ ይቀድማል፣ ሳንባ ይከተላል፤ የእርስዎም አካሄድ ይህንኑ ይመስላል። የመተንፈሻ ቧንቧ ዱቄቱን ከሳበ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ዳግመኛ ሊጠብ ስለሚችል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስዎት ሳልም መነሻው ቀን የዋሉበት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ትንፋሽዎ ክፉኛ ካልተቸገረ በቀር ሳይመረመሩ ሥራዎን አይልቀቁ፤ ምርመራው አጥርቶ የሚያሳየው ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነውና። ሐኪምዎ ፒክ ፍሎው ሜትር የተባለችውን፣ ትንፋሽ በምን ያህል ኃይል እንደሚወጣ የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ቢሰጥዎ፣ በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ እየነፉ፣ የሥራውንም የእረፍቱንም ቀን ጨምረው ለ4 ሳምንታት ያህል ቁጥሩን ይመዝግቡ። ቁጥሩ በሥራ ቀን ወርዶ በእረፍት ቀን ከወጣ ትልቅ ማስረጃ ነው። የቆዳ ወይም የደም ምርመራው ደግሞ አለርጂው የዱቄቱ ይሁን የኢንዛይሙ ለመለየት ይረዳል።

አስሙ ከተረጋገጠ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ የተሻለው መፍትሔ ከዱቄቱ ፈጽሞ መራቅ ነው። ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) እና የአፍንጫ መድኃኒት ያስታግሳሉ፤ በእነርሱ ብቻ ተማምኖ በዚያው አቧራ ውስጥ መሥራት ግን አስሙን ሊያጸናው ይችላል። ምልክቱ እያለ ለዓመታት የቆየ ሰው ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ላይሻለው ስለሚችል፣ ከማቡካት ወደ ማሸግ ወይም ወደ ሽያጭ ለመዛወር ከአሠሪዎ ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ። መተዳደሪያዎ እንደሆነ ስለማውቅ ይህን የምልዎ ቀላል ነው ብዬ አይደለም።

እስከዚያው ለባልደረቦችዎም የሚጠቅም ነገር አለ። ጆንያውን ወደ ማቡኪያው አፍ አስጠግተው ቀስ ብለው ይገልብጡ፤ ባዶውን አያራግፉት፣ ከደረትዎ ጋር አስጠግተውም አያጣጥፉት፤ በውስጡ የቀረው ደቃቅ ዱቄት ፊትዎ ላይ ቡን የሚለው ያን ጊዜ ነውና። ማቡኪያውን ከድነው በዝግታ ያስነሡ። ገበታው ላይ ዱቄት ሲነሰንሱ ከፍ አድርገው አይበትኑ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ወይም በኮምፕረሰር ከማጽዳት በእርጥብ ጨርቅ ወይም ጥሩ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ማጽዳት እጅግ ይሻላል። ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ኤን95 የተባለ ማስክ ያስፈልጋል፤ እርሱም ቢሆን የአቧራውን መቀነስ አይተካም።

ዳቦ መብላትን በተመለከተ፣ ሕመሙ የመጣው በመተንፈስ ስለሆነና የምድጃው ሙቀትና የሆድ መፈጨት ፕሮቲኖቹን ስለሚለውጧቸው፣ አብዛኞቹ የጋጋሪዎች አስም ያለባቸው ሰዎች ዳቦ ያለ ችግር ይበላሉ። ዳቦ ሲበሉ አፍዎን የሚያሳክክዎ፣ ሰውነትዎ ላይ ሽፍታ የሚወጣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይቆዩ። ትንፋሽ አጥሮዎት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።