ሲስኤፍኤስ ወይስ አዮክትል?

ጥያቄ፦ ለሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የሙቀት ሴንሰር ድራይቨር እየጻፍኩ ነው። ተጠቃሚው ሁለት ነገር መቀየር አለበት፤ በስንት ጊዜ ልዩነት እንደሚለካና ከስንት ዲግሪ በላይ እንደሚያስጠነቅቅ። አዮክትል (ፕሮግራም ለድራይቨሩ በቁጥር የተሰየመ ትእዛዝ የሚልክበት መንገድ) ልጠቀም ወይስ ሲስኤፍኤስ (ቅንብሮችን እንደ ፋይል የሚያቀርብ)? ጓደኛዬ ደግሞ «ዲበግኤፍኤስ ላይ ጣለውና ተገላገል» ይለኛል። ለደህንነት የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የጓደኛህን ምክር ተወው። ዲበግኤፍኤስ ስህተት ማደኛ ነው፤ ብዙ ሲስተም ላይ ተዘግቶ ታገኘዋለህ፣ ነገም እንደዛሬው ይሆናል ብሎ ቃል የገባልህ የለም።

ሲስኤፍኤስ ይበቃሃል። ግን ፋይሎቹን ራስህ አትፍጠር! ለሙቀት ሴንሰር ከርነሉ ውስጥ ኤችደብልዩሞን የሚባል ክፍል አለ፤ አንተ የጠየቅካቸው ሁለቱም ነገሮች እዚያ ስምም መለኪያም ወጥቶላቸዋል። የጊዜ ልዩነቱ በሚሊሰከንድ ነው፣ የሙቀት ጣሪያው ደግሞ በዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሺህኛ፤ ስለዚህ 85 ዲግሪ ለማለት 85000 ይጻፋል። ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ ወደ ቁጥር መቀየሩን ኤችደብልዩሞን ይሠራልሃል፣ ላንተ የሚደርስህ ቁጥር ብቻ ነው። ፈቃዱን 0644 አድርገው፤ ሁሉም ያነባል፣ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ብቻ ይጽፋል። «ለጊዜው ነው» ብሎ 0666፣ ማለትም ማንም እንዲጽፍ፣ ማድረግ የሚያምረው አይጠፋም፤ ያንን ግን ከርነሉ ራሱ አይቀበለውም።

አደጋው የሚቀረው ቁጥሩ ላይ ነው። ሩትም ቢሆን ይሳሳታል። አንዱ ዜሮ ይጽፍና ድራይቨርህ ለዜሮ ያካፍላል፣ ሌላው የትየለሌ ቁጥር ይሰጥህና በ1000 ስታባዛው ሞልቶ ይፈስና ኔጌቲቭ ሆኖ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ገድበው፣ ከዚያ አባዛው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው የሚጽፉ ብዙ ናቸው።

አዮክትል የሚያስፈልግህ ብዙ ቅንብር በአንድ ጊዜ፣ ሳይነጣጠል መቀየር ሲኖርብህ ነው። እዚያ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ከትእዛዙ ጋር በሚላከው ስትራክት (የዳታ ጥቅል) ውስጥ ባለ 32 ቢት ቁጥር አስቀምጠህ ቀጥሎ ባለ 64 ቢት ብትጨምር፣ ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ በመሃላቸው 4 ባይት ባዶ ቦታ ይገባና ስትራክቱ 16 ባይት ይሆናል፤ በድሮው ባለ 32 ቢት ኢንቴል ግን 12 ነው። የትእዛዙ ቁጥር ውስጥ መጠኑ አብሮ ስለሚገባ ለባለ 32 ቢት የተሠራ የድሮ ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ከርነል ላይ ትእዛዙ ጭራሽ አይታወቅለትም። ይባስ ብሎ ያንን ባዶ ቦታ ሳታጸዳ ወደ ተጠቃሚው ከመለስከው፣ የከርነሉን ሜሞሪ ቁራጭ አብረህ ሰጠኸው ማለት ነው። ክፍተቱን ራስህ በተጠባባቂ ፊልድ ሙላው፤ ዜሮ ካልሆነም አትቀበል።