ቀላል ፑሌጃና ቮላኖ የሞተር ባላንስ ያበላሻሉ ወይ? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ቀላል ፑሌጃ ልግጠም ወይ? ቮላኖውንስ ላስቀልለው?» የሚሉ ጥያቄዎች በርከት ብለው ደርሰውኛል። ቀላል ሲባል ክብደቱ የቀነሰ ማለት ነው። ክራንክሻፍት በፒስተኖቹ እየተገፋ የሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው፤ ፑሌጃ ከፊቱ ጫፍ ታስሮ ችንጋ (ቀበቶ) የሚያዞረው መዘውር፣ ቮላኖ ደግሞ ከኋላው ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት ነው። ሞተር ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን በግልጽ ልመልስ። ያልገባችሁ ካለ ደግማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ በአሉሚኒየም ብቀይረው ሞተሩ ባላንሱን ይስታል?

መልስ፦ አብዛኛው ሞተር አይስትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። «ባላንስ» ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። አንደኛው የክብደት ጉዳይ ነው። የሚሽከረከር ዕቃ አንዱ ጎኑ ከከበደ ያንቀጠቅጣል፣ ልክ ባላንስ እንዳልተደረገ ጎማ። ፑሌጃው ዙሪያውን እኩል እስከሆነ ድረስ ሁለት ኪሎም ሆነ ግማሽ ኪሎ፣ በዚህ በኩል ለውጥ የለውም። ሁለተኛው የክራንክሻፍቱ መጠምዘዝ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

ጥያቄ፦ ይሄን የሚያክል ብረት ይጠመዘዛል እንዴ?

መልስ፦ ይጠመዘዛል። አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። ፍንዳታው ፒስተኑን ቁልቁል ሲገፋው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ክራንክሻፍቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል። የኋላው ጫፍ በከባዱ ቮላኖ ተይዟል፤ የፊቱ ግን ነጻ ነው። ስለዚህ ከፊት በኩል ትንሽ ይጠመዘዝና መልሶ ይፈታል። እርጥብ ጨርቅ ስትጨምቁ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ መጠኑ ግን በዓይን አይታይም። የሆነ የዙር ፍጥነት ላይ ሲደርስ የፍንዳታው ምትና የብረቱ የራሱ ንዝረት ይገጣጠማሉ። ያኔ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደመግፋት ነው፤ እያደገ ይሄዳል።

ፋብሪካው ፑሌጃው ውስጥ ጎማ የሚያስገባው ለዚህ ነው። አውልቃችሁ ከፊት ለፊት እዩት። መሃሉ ላይ በብሎን የሚታሰር እምብርት አለ። ከውጭ ከባድ የብረት ቀለበት አለ። በሁለቱ መካከል ቀጭን ጥቁር ጎማ ዙሪያውን ተጣብቋል። እምብርቱ ሲንዘር ከባዱ ቀለበት አብሮት መንዘር አይፈልግም። ጎማው መሃል ላይ እየተሳበ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ይህ ዕቃ ዳምፐር (ንዝረት አፋኝ) ነው፤ ችንጋ ማዞር ተደራቢ ሥራው ነው። ወጥ አሉሚኒየም ስትገጥሙ ክብደት ብቻ ሳይሆን ዳምፐሩን ጭምር ነው የምታወጡት።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ገጥሞ እስካሁን ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ትንንሽ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ክራንክሻፍታቸው አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ከፋብሪካም ጎማ የሌለው ፑሌጃ ይዘው ይመጣሉ። እነሱ ላይ ብዙም አልሰጋም። ጎማ ያለው ከሆነ ግን ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ነው። ዘይት ፖምፓው በቀጥታ በክራንክሻፍቱ የሚዞር ከሆነ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይት ሲቋረጥ ብሮንዚኖቹ (ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ቅርፊቶች) ይበላሉ። የፑሌጃው ብሎን ሊላላም ይችላል። የመጨረሻው ክራንክሻፍቱ ራሱ መሰበሩ ነው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ሞተር ክራንክሻፍቱ ረጅም ስለሆነ በጣም ተጠንቀቁ። ክብደት መቀነስ የግድ ካማራችሁ ዳምፐር ያለው ቀለል ያለ ፑሌጃ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ የድሮ ፎርድ 302 ቪ8 አለኝ። ቀላል ቮላኖ ላዝ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እንኳን ሳታዝ ጠየቅከኝ ወንድሜ። ያንተ ሞተር ላይ የክብደት ባላንሱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ሞተሮች ከሚያስፈልገው ማመጣጠኛ ክብደት የተወሰነው ክራንክሻፍቱ ላይ ሳይሆን ፑሌጃውና ቮላኖው ላይ ነው ያለው። የ302 የውጭ ማመጣጠኛ መጠን (ክብደቱ ከመሃሉ ባለው ርቀት ተባዝቶ) እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መግቢያ 28 አውንስ-ኢንች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 50 ሆነ። የ28ቱን ክራንክሻፍት ከ50ው ቮላኖ ጋር ብትገጥም ሞተሩ ይርገፈገፋል። የሼቭሮሌት 400 ስሞል ብሎክና 454 ሞተሮችም በሁለቱም ጫፍ እንዲህ የውጭ ማመጣጠኛ አላቸው።

ትንሽ ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ከመሃሉ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 10 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ያቺ 10 ግራም ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ትስባለች። ያውም አቅጣጫዋን በየቅጽበቱ እየቀያየረች።

ጥያቄ፦ አዲስ ከምገዛ የራሴን ቮላኖ ቶርኖ ቤት ወስጄ ባስቀንሰውስ?

መልስ፦ እባክህ ተው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ቮላኖዎች ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ብረት ሲሳሳ በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪው የፍሪሲዮኑን (የክላቹን) የውጭ ሽፋን በስቶ ይወጣል። እዚያ ሽፋን ጀርባ ያለው የሾፌሩ እግር ነው። በፎርጅድ (ተቀጥቅጦ በተሠራ) ብረት ወይም በአሉሚኒየም የተሠራ፣ የኤስኤፍአይ 1.1 (የውድድር መኪና ዕቃ የደህንነት መስፈርት) ምልክት ያለበት ግዛ። ስትገጥመውም ቮላኖው ላይ ከሚታሰረው የፍሪሲዮን መጫኛ (ፕሬሸር ፕሌት) ጋር አንድ ላይ ባላንስ ይደረግ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ጥቅሙ ይታያል?

መልስ፦ ቮላኖ ላይ በደንብ ይታያል፣ ግን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ነው። በአማካይ ከመሃሉ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ኪሎ ቀነስክ እንበል። አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነና የጎማው ራዲየስ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ መኪናዋ ሲነሳ ወደ 87 ኪሎ የቀለለች ያህል ትሆናለች። አምስተኛ ማርሽ ላይ፣ ሞተሩ 3.2 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ በሚዞርበት፣ ጥቅሙ ወደ 5 ኪሎ ይወርዳል። የፈረስ ጉልበት ግን አልጨመረም። የተለወጠው ሞተሩ ዙር የሚይዝበትና የሚለቅበት ፍጥነት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አስገጥሜ ነበር። አሁን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይንኳኳል፣ ስነሳም ይጠፋብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ባላንስ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። ከባድ ቮላኖ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ሲቀል ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የካምቢዮው ጥርሶችም እርስ በርስ ይጋጫሉ። የድሮው ቮላኖሽ ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ባለሁለት ክፍል ከነበረ ኳኳታው ይብሳል። ፍሪሲዮኑን ስትረግጪ ድምፁ ከቆመ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ፒ0300 የሚል የስህተት ኮድ ካሳየም አትደንግጪ። ኮምፒውተሩ የዙሩን መዋዠቅ አይቶ ሲሊንደር አልተኮሰም ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አስፈትሺ።

ጥያቄ፦ የዲናሞና የውሃ ፖምፓ ፑሌጃስ?

መልስ፦ መቅለላቸው አይጎዳም። የዲናሞው ፑሌጃ ከፋብሪካው ከተለቀ ግን ዲናሞው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሚኒሞ ላይ ባትሪ በደንብ አይሞላም።

ጥያቄ፦ የፋብሪካው ዳምፐር ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሞተሩን አጥፍተህ በነጭ ቀለም ከእምብርቱ ጀምረህ ጎማውን አቋርጠህ እስከ ቀለበቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እየው። መስመሩ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ከተላለፉ ጎማው ለቋል፤ ዳምፐሩን ቀይር። አንድ ጊዜ ለጥገና የመጣ ሞተር ላይ መስመሩ የሁለት ጣት ያህል ተላልፎ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ሲነዳ የተሰማው ነገር አልነበረም።