በስትሮ የሠራኸው ፓን ፍሉት (ርዝመታቸው የተለያየ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተያይዘው የሚነፉበት የሙዚቃ መሣሪያ) ድምፅ ያልሰጠው ለምንድን ነው?

“ስትሮዎቹን ቆርጬ በፕላስተር አያያዝኳቸው፣ ግን አየር ብቻ ነው የሚወጣው” ላልከው፣ ታቹ ክፍት ስለሆነ ነው። የእያንዳንዱን ስትሮ ታች በታኘከ ማስቲካ ጥርቅም አድርገህ ድፈነው። ከዚያ ወደ ውስጥ አትንፋ። የታች ከንፈርህን ጠርዙ ላይ አሳርፈህ ትንፋሽህን ከስትሮው አፍ በላይ አሻግረው፤ ልክ ባዶ ጠርሙስ እንደሚነፋው።

ወፍራሙን የጁስ ስትሮ ተጠቀም። ርዝመቱን 16፣ 14.2፣ 12.6፣ 10.5 እና 9.3 ሳንቲሜትር ብታደርገው የትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት አምስት ድምፆች በግምት ታገኛለህ። በጣም ደስ ይላል!

አደራ፣ የምትለካው ከላይኛው ጠርዝ እስከ ማስቲካው ድረስ ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲሜትር አስረዝመህ ቁረጥ። ድምፁ ከወፈረብህ ማስቲካውን በክብሪት እንጨት ወደ ላይ ገፋ አድርገው። ቀድመህ ካሳጠርከው ግን ሌላ ስትሮ መቁረጥ ነው።