እባጩን ሰንጥቃችሁ እዩ

ጅማ ላይ ግብርና ለምትማሩና በዙሪያው ወረዳዎች አዲስ ለተመደባችሁ የልማት ሠራተኞች፦

አኩሪ አተር ወይም ባቄላ ማበብ ሲጀምር ሥሩን አውጥታችሁ እዩ። የምትፈልጉት እባጮቹን ነው፤ የአየርን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸውን የሥር እብጠቶች። ግን ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀሩና ሥሩ ባዶ ይመስላችኋል። ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍሩ፣ ከነአፈሩ አንሱት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ እያላችሁ እጠቡት። ከዚያ እባጩን በምላጭ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ ወይም ከነጭራሹ አይሠራም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ብዛቱ አያታላችሁ፤ ሥሩን የሸፈኑ ጥቃቅን ነጫጭ እባጮች ዋናው ሥር ላይ የተያያዙ ጥቂት ቀያዮችን አያህሉም።

ያ ቀይ ቀለም ሌግሂሞግሎቢን ነው፣ የደማችን ሂሞግሎቢን ዘመድ። የአየርን ናይትሮጅን የሚሰብረው ናይትሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ለመተንፈስ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሌግሂሞግሎቢን በልኩ እየመጠነ ያቀብለዋል። አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመስበር ቢያንስ 16 ኤቲፒ (የሕዋስ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል) ይጠፋል፣ ወጪውን በስኳር የሚሸፍነው ተክሉ ነው። ለዚህ ነው ዩሪያ የጠገበ ማሳ ላይ እባጭ የሚጠፋው፤ ተክሉ በነፃ ያገኘውን ለምን ይገዛል?

እነዚህን ባክቴሪያዎች የያዘው ሕያው ማዳበሪያ በፓኬት ይመጣል። ባቄላ የሚስማማው ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ነው፣ አኩሪ አተር ደግሞ ብራዲራይዞቢየም ጃፖኒከም። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ፓኬቱ ላይ የሰብሉን ስም ሳታነቡ አትክፈቱ። ሁለቱም ግራም ኔጌቲቭ (በግራም ስቴይን ማቅለሚያ ሮዝ የሚሆኑ)፣ ዘንግ መሰል፣ ስፖር (ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍ ጠንካራ ቅርጽ) የማይሠሩ ናቸው። ስፖር ስለሌላቸው ፀሐይና ድርቀት ቶሎ ይጨርሳቸዋል። ዘሩን በጥቂት የስኳር ውሃ አርጥቡ፤ ለ1 ኪሎ ዘር 10 ግራም ያህል ሕያው ማዳበሪያ ጨምራችሁ ጥላ ሥር ለውሱ፤ ወዲያው ዝሩና አፈር አልብሱት። ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ አትቀላቅሉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እባጭ ከጠፋ አፈሩን ጠርጥሩ። የጅማ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጫል፤ ናይትሮጅኔዝ ያለ እሱ የማይሠራው ሞሊብዲነም የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ለሥሩ አይደርስም። አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ነው፤ ኖራው ከዘር ቀደም ብሎ ገብቶ ከአፈሩ ጋር ይዋሃድ እንጂ ከዘር ጋር አይጣል።

ላብራቶሪ የምትገቡ፣ ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም ባለው ሚዲያ (ባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ቀለሙን እምብዛም የማይመጥጡትን ነጫጭ ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ምረጡ፤ ደማቅ ቀይ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሰርጎ ገብ ነው። ግራም ስቴይን ስትሠሩ ትኩስ ናሙና ውሰዱ። ያረጀ ባሲለስ (ግራም ፖዘቲቭ፣ ማለትም ሐምራዊ መሆን የነበረበት ሌላ ባክቴሪያ) ቀለሙን ይለቅና ሮዝ ሆኖ ራይዞቢየም ይመስላችኋል፤ ቀለሙን የሚያጥበው አልኮል ሲበዛም ውጤቱ ያው ነው፤ ወፍራም ቅብ ደግሞ በተቃራኒው ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል።