ብቻ ትናንትና ነይ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተጣልተናል፤ እርስዎ ይዳኙን» ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ጓደኛቸው ዘፈን ጽፎ አሰማቸው። ግማሾቹ «ግጥሙ የሕፃን ነው» ብለው ሳቁበት። እሷም ስቃለች። አንዷ ብቻ «እኔ ወድጄዋለሁ» አለች። በዚህ ክርክሩ ጦፈ። በጓደኛቸው ዘፈን የጀመረው ነገር ወደ ዓለም ዘፈን ሁሉ ዞረ። የቱ ምርጥ ነው፣ የቱ ቆሻሻ ነው፣ ማን ይችላል፣ ማን አይችልም። በመጨረሻ ጠየቀችኝ፦ «ዕድሜዎን ሙሉ የዘፈን ግጥም ሲጽፉ ኖረዋል። ጥሩና መጥፎ ዘፈን በምን ይለያል?»

ለመመለስ ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ ሦስቴም መልሼ አስቀመጥኩት። የከበደኝ ጥያቄዋ አልነበረም። «ሳቅንበት» ያለችው ቃል ነው። መልሱን ለእሷ ብቻ ከምልክ ግጥም ለምትጽፉትም፣ ዘፈን ለምትተቹትም ሁሉ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ወጣት ሳለን አምስት ስድስት ሆነን ማታ ማታ የምንሰበሰብበት አንድ ክፍል ነበር። ጊታር ያለው አንዳችን ብቻ ነን። ግጥም ግን ሁላችንም እንጽፋለን። ከሁሉም ቀድሞ ግጥሙ የተዘፈነለት እኔ ስለነበርኩ ቃሌ ይሰማ ነበር። አዲስ ነገር ሲነበብ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ለሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ይህ ጥሩ አይደለም። ዛሬ ተከታይ ያላችሁ ልጆች ነገሩ ይገባችኋል።

አንድ ማታ ከመካከላችን ዝምተኛው ዘፈን ይዞ መጣ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ግን አላየውም። ጊታሩን ሌላ ሰው እየመታለት፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ዘፈነ። አዝማቹ እንዲህ ነበር፤

አልቆጣም፣ ዘግይተሽም ነይ፣
ብቻ ትናንትና ነይ።

ሲጨርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጊታር የያዘው ልጅ እጁን ከክሩ ላይ አላነሳም ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ትናንትና እንዴት አድርጋ ነው የምትመጣው?» አልኩ።

ሳቁ። ሳቃቸው አሞቀኝ፤ ቀጠልኩ። «ላለፈ ቀን ትእዛዝ ይሰጣል እንዴ? ደግሞ ‹ነይ›ን በ‹ነይ› ቤት መትተህ ግጥም ትለዋለህ? ሰም የለው፣ ወርቅ የለው!» ደብተሩን ተቀበልኩትና እስክርቢቶዬን አውጥቼ ሁለቱን ስንኞች ሰረዝኳቸው። ተጭኜ ነው የሰረዝኩት። ገጹን ስገልጥ ሰረዙ ከኋላው ባለው ወረቀት ላይ ቦይ ሠርቶ ነበር። ከሥሩ ይህን ጻፍኩለት፤

ያለፈ ጊዜ ምሥጢር፣
ለልቤ የቁም እስር።

«ይኸው፣ ቤት መታ» አልኩት። «‹የቁም እስር› ላይ ደግሞ ወርቅ አለልህ።» አመሰገነኝ። የምፀት ምስጋና አልነበረም፤ ከልቡ ነው ያመሰገነኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ነገር ያ ምስጋና ነው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የዚያን ማታ ብቻዬን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ የሚራመደው በእሱ ዘፈን ምት ነበር። «ብቻ ትናንትና ነይ»። በሬን ስከፍት ከንፈሬ ላይ ነበር። ልብሴን ሳወልቅም። ተኝቼም አልለቀቀኝ። እኔ የጻፍኩለትን ስንኝ ግን ለማስታወስ ማሰብ ነበረብኝ። ዘፈኑ ጥሩ እንደሆነ ገና ሲዘፍነው አውቄ ነበር። ወድጄው ነው የሰረዝኩት። ጠዋት ሄጄ «ተሳስቻለሁ፣ እንደነበረ ተወው» ማለት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልሄድኩም።

ዘፈኑ በእኔ እርማት ተቀረፀ። ስቱዲዮ ውስጥ ነበርኩ። ዘፋኙ ጎበዝ ነበር፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይሰበርበታል። ደጋግሞ ሞከረ። ከማይክራፎኑ ራቀ፣ ቀረበ፣ ውሃ ጠጣ። አቀናባሪው ቶኑን ዝቅ አደረገለት። አሁንም እንቢ አለ። የጓደኛዬ ዜማ ከፍ ብሎ የሚዘልቀው መጨረሻው አካባቢ ነው፤ በእሱ ግጥም ያ ረጅም ድምፅ የሚያርፈው «ትናንትና» የምትለው ቃል «ና» ላይ ነበር። «ና» አፍ ትከፍታለች። እስከፈለጋችሁ ድረስ ትጎተታለች። የእኔ ግጥም እዚያው ቦታ ላይ ያስቀመጠው «ቁም»ን ነው። እስቲ «ቁም»ን ከፍ ባለ ድምፅ ጎትቱት። «ም» ላይ ስትደርሱ ከንፈራችሁ ይገጥማል። ምስኪኑ ዘፋኝ ከንፈሩን ገጥሞ እንዲጮህ ነበር የፈረድኩበት።

ወረቀት ላይ ይህ አይታይም። አማርኛችን ደግሞ ሳድስ የሚበዛበት ቋንቋ ነው፤ ቃሎቻችን መጨረሻቸው ላይ ጥርቅም ይላሉ። ግጥም ስትጽፉ ረጅሙ ድምፅ የሚያርፍበትን ፊደል ፈልጉ። ራብዕ ከሆነ ዘፋኙ ይመርቃችኋል። የሚጠብቅና የሚላላ ቃልም ሌላው ጣጣ ነው። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፣ ሲጠብቅ መኖር ነው። ዜማው ቃሉን በግድ ካጠበቀው ወይም ካላላው የጻፋችሁትና የሚሰማው ነገር ይለያያል።

አንድ ሽማግሌ አቀናባሪ አውቅ ነበር። ግጥም ይዛችሁ ስትሄዱ ወረቀቱን አይቀበላችሁም። «መጀመሪያ ያለ ቃል አንጎራጉርልኝ» ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና «አሁን እዚህ ጋ ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚፈልገው?» ብሎ ይጠይቃል። ምን ዓይነት ትርጉም አይልም። ያኔ ይገርመኝ ነበር። ኋላ ላይ የቢትልሱን ዘፋኝ የፖል ማካርትኒን ታሪክ ሳነብ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣችው «የስተርደይ» ዜማዋ የመጣችለት በህልሙ ነው። ግጥም እስኪያገኝላት ድረስ «ስክራምብልድ ኤግስ» እያለ ነበር የሚዘፍናት። እንቁላል ፍርፍር ማለት ነው። ቃሉ ቀልድ ነው፤ ግን ልኩ ልክ ነው። ትክክለኛው ቃል ሲመጣ የተቀመጠው እንቁላሉ በያዘለት ቦታ ላይ ነው።

ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ዘፈን ጻፈ። ሁሉንም መጀመሪያ ወደ እኔ አመጣቸው። ከመስመር መስመር እየተጠነቀቀ፣ ቤቱን እየለካ የጻፋቸው ናቸው። የሚነቀፍ ነገር የላቸውም ነበር። የሚያንጎራጉራቸውም ሰው አልተገኘም። ቀስ እያለ ማምጣቱን ተወ። የሂሳብ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔን በአንዲት ቃል ወቅሶኝ አያውቅም።

ስለ አሜሪካውያኑ የወንዶች ባንድ ስለ ባክስትሪት ቦይስ የሰማሁ ቀን ነው በእውነት የታመምኩት። እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን «አይ ዋንት ኢት ዛት ዌይ» («እንደዚያ እንዲሆን እፈልጋለሁ» ማለት ነው) የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የጻፉት ሁለት ስዊድናውያን ናቸው፣ ማክስ ማርቲንና አንድሪያስ ካርልሰን። ግጥሙ ሲመረመር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ምኑን እንደሚፈልግ፣ ምኑን እንደማይፈልግ አይታወቅም። እናም ትርጉም የሚሰጥ ሌላ ግጥም ተጻፈለት። ተቀረፀም። ልጆቹ ሁለቱንም ሰምተው የመጀመሪያውን መረጡ። እዚያ ክፍል ውስጥ «ይህኛው ልብ ይነካል፣ ያኛው ትርጉም ብቻ ነው ያለው» ለማለት የደፈረ ሰው ነበረ ማለት ነው። በእኛ ክፍል አልነበረም። መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ከዚህ ተነስታችሁ «ጋሼ ግጥም አያስፈልግም አሉ» እንዳትሉ። መጥፎ ዘፈን አለ። የዛሬ ልጆች የምትጽፉት ብዙው ነገር ያናድደኛል። ቤት የሚመታ ቃል ስልክ ውስጥ ፈልጋችሁ ትለጥፋላችሁ። ያላፈቀረ ሰው ስለ ፍቅር፣ ያልተራበ ሰው ስለ ረሃብ በአንድ ሌሊት ጽፎ ጠዋት ይለቃል። ዘፈን ሲተች ደግሞ የመጀመሪያው ማስረጃ «ስንት ቪው አለው?» ሆኗል። ቪው ስንት ሰው እንደነካው ይናገራል፤ ስንት ሰው ይዞት እንደተኛ አይናገርም።

ቢሆንም በአንድ ነገር እኩዮቼ ይበድሏችኋል። «ዘፈን በስልክ ምክንያት አጠረ፣ ተበላሸ» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ በኢንተርኔት ዘፈን የሚያሰማው ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ስለሆነ ጸሐፊው መግቢያውን ማሳጠሩ አይገርምም። ግን በድሮው የሸክላ ዘመን አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ አካባቢ ነበር። የወደድናቸው ዘፈኖች ሦስት ደቂቃ የሆኑት ሸክላው አልቆባቸው ነው። የዘፈንን ልክ ሁልጊዜም ማሽኑ ይቆርጥ ነበር። ስለዚህ በማጠሩ አትሸማቀቁ።

ፍርድ ላይ አትቸኩሉ ልላችሁም አስቤ ነበር። የካናዳዊውን ዘፋኝ የሊዮናርድ ኮኸንን «ሃሌሉያ» አንሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ ሙዚቃውን የሚያሳትምለት ኩባንያ ዘፈኑ ያለበትን አልበም አሜሪካ ውስጥ አላወጣም ብሎት ነበር። በ1991 ሌላው ዘፋኝ ጆን ኬል ስንኞቹን መርጦ ዘፈነው። ጄፍ በክሊ የኬልን ተከትሎ በ1994 ዘፈነው። ዛሬ ሰው የሚከራከረው የማን ይበልጣል በሚለው ላይ ነው። ግን ይህን ምክር ስሰጣችሁ ራሴን እየሸሸሁ ነው። እኔ ጊዜ አላስፈለገኝም። በዚያው ማታ አውቄያለሁ። ብዙ ጊዜ እናንተም ታውቃላችሁ። ከእናንተ አንዱ «የሕፃን ነው» ብሎ ሲስቅ፣ ሌላው ከሳቁ ሥር ዘፈኑን በልቡ እየደገመው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ሁለተኛው ልጅ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ሳሎን ተቀምጠን እያወራን ነው። ልጁ ጥግ ላይ ቆማ ልብስ ታጣጥፋለች። ሸሚዙን እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ፣ በእጇ መዳፍ እያለሰለሰች። ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ከዚያ «ና» ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ለቀቀችው። ጎተተችው፤ ሸሚዙን ክምሩ ላይ እስክታስቀምጥ ድረስ አልጨረሰችውም። «ነይ» ስትል ሌላ ሸሚዝ አንስታ ነበር።

«የማን ዘፈን ነው?» አልኳት፤ ድምፄ ደርቋል።

«አባዬ ነው ስንተኛ የሚዘፍንልን የነበረው» አለች። «ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም።»

ጓደኛዬ አየኝ። «ያቺን ታስታውሳታለህ?» አለኝ።

«አላስታውስም» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አስታውሳለሁ ካልኩ ሁሉንም መናገር ይኖርብኛል ብዬ ፈርቼ ይሆናል። እሱ ራሱን ነቀነቀና ወሬውን ቀየረው።

አንቺ ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልስ ይህን ያህል ነው ያለኝ። አንብቡ፣ ተለማመዱ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የጓደኛሽን ዘፈን ከሰማሽ ስንት ቀን ሆነሽ? በእነዚህ ቀናት ሳታስቢው አፍሽ ላይ የመጣ ስንኝ አለ? ካለ ዛሬውኑ ደውለሽ የትኛው እንደሆነ ንገሪው። «ጎበዝ ነህ» አትበይው፤ እሱ አይጠቅመውም። ስንኙን ዝፈኝለት። ከሌለ ደግሞ የቱ ጋ ከአፍሽ እንደማይወጣ ንገሪው፤ እስክርቢቶውን ግን ለራሱ ተዪለት።

ይህን ጽፌ ከመላኬ በፊት እኔም ደወልኩ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ዝም አልኩ። «ምነው?» አለኝ። በዚህ ባረጀ ድምፄ ጀመርኩለት፤ «አልቆጣም፣ ብትዘገዪም ነይ...»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ጸጥታ ሆነ።

«‹ዘግይተሽም› ነው» አለኝ። «‹ብትዘገዪም› አይደለም። እንደገና በለው።»