አቃቂ ወንዝ ዳር ለገባችሁ አዲስ ጎረቤቶች፦ ጥያቄና መልስ

በአቃቂ፣ ከወንዙ ዳር፣ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ አሁን የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ አዲስ ገቢዎች ከበው የጠየቁኝን ላልነበሩትም እንዲደርስ ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፣ ውኃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው?

ፈረቃው ከመንደር መንደር ስለሚለያይ ቀኑን ግድግዳ ከሚጋራችሁ ጎረቤት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው። ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውኃ ይተፋል፤ ያን የመጀመሪያ ባልዲ ለመጸዳጃ ቤት አድርጉት። አዲስ አበባ የምትጠጣባቸው ትልልቅ ጉድጓዶች እዚሁ አቃቂ እያሉ እኛ በፈረቃ መጠጣታችን ያናድዳል፤ እኔንም ለዓመታት አናዶኛል። ነገር ግን ውኃው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ ከፍታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይወጣል። መብራት ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ በማግስቱ ፈረቃው ቢዘል ምክንያቱ ይኸው ነው። ጀሪካኖቻችሁ ባዶ አይደሩ። ለፈነዳ ቧንቧ 906፣ ለመብራት 905 ይደወላል።

ወንዙ ዳር የሚሸጠው ቆስጣና ሰላጣ ርካሽ ነው። ብንገዛው ምን አለበት?

እኔ ቤቴ አላስገባም። ወንዙ መሀል ከተማን አቋርጦ፣ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ነው እኛ ዘንድ የሚደርስ። በዚህ ውኃ በሚለማ አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ክሮሚየም የቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፊያ የሚጠቀሙበት ነው። በሚገባ ማጠብና መቀቀል ጀርሙን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣውም። ገበሬዎቹን አትጥሉብኝ፤ በዚያ መሬት ልጅ ያሳደጉ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ወንዙንም ያቆሸሹት እነርሱ አይደሉም። ሻጩን የየት ውኃ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ፤ የጉድጓድ ከሆነ በደስታ ግዙ።

መታወቂያ ለማውጣት ከየት እንጀምር?

ከቀድሞው ወረዳችሁ መሸኛ በማምጣት። መሸኛ ሳይዝ ወረፋ የያዘ ሰው ቀኑን አቃጥሎ ይመለሳል። የፋይዳ ምዝገባም ካልጨረሳችሁ አብራችሁ ጨርሱ። ልጅ የወለዳችሁ ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ።

ሕክምናስ?

ለቀላሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለከባዱ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምዝገባ ወቅት ሲታወጅ አትዘናጉ፤ ሰው የሚያስታውሰው ከታመመ በኋላ ነው። አምቡላንስ 907።

ባቡሩ እዚህ ይደርሳል?

ከምኒልክ አደባባይ የሚነሣው መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ታክሲና አውቶቡስ ነው።

ክረምት ላይ ወንዙ ያሰጋል?

ያሰጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ እንጦጦ ላይ ጥሎ ወደ እኛ ይወርዳልና። ስለዚህ ሰማዩን ሳይሆን ድምፁን ስሙ። ድንጋይ ሲያንከባልል እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፤ ውኃው ጎማና ግንድ ይዞ ይመጣል። አንድ ሌሊት ጎረቤቴ እህሏን ላድን ብላ ስትመለስ ውኃው እስከ ጉልበቷ ደርሶባት በገመድ ጎትተን አውጥተናታል። ሰነዶቻችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉ፤ ልጆችን በድልድዩ ሥር አታሳልፉ፤ ጎርፉ ከመጣ ለእሳትና አደጋ መከላከል ወደ 939 ደውላችሁ ውጡ፣ ለዕቃ አትመለሱ።

ቆሻሻ የሚያነሣው ማን ነው?

በየቤቱ የሚዞሩ ማኅበራት። ክፍያው ከውኃ ሒሳባችሁ ጋር ተደምሮ ይቆረጣል፤ እናንተም ከፍላችሁበታል ማለት ነው። ሲመሽ ቆሻሻ የሞላበትን ማዳበሪያ ወደ ወንዙ የሚወረውር ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ። ያ ማዳበሪያ የድልድዩን ቱቦ ይደፍናል፤ በነሐሴ ውኃው መንገድ አጥቶ ወደ እኛ ሳሎን የሚዞረው በዚያ ምክንያት ነው። ቱቦውን የምንጠርገው በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።